እርጉዝ ሆነሽ ታቱ አማረሽ? ታቱ፣ ንቅሳት፣ ሂና ወይስ እንሶስላ

ባለፈው ክረምት ታናሽ እህቴ ከደብረ ብርሃን ደወለችልኝ። የ5 ወር እርጉዝ ነበረች። ስለ ብርዱ፣ ስለ ማቅለሽለሹ አወራን። ከዚያ ድምጿን ቀነስ አድርጋ «እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ግን እንዳትቆጪኝ» አለችኝ።

ታቱ አምሯት ነው። እንዲሁ ለፋሽን ብላም አይደለም። አያታችን የመንዝ ሰው ነበረች። ግንባሯ ላይ ትንሽ መስቀል፣ አንገቷ ዙሪያ ደግሞ ረድፍ ረድፍ ንቅሳት ነበራት። ካረፈች ገና ዓመቷ ነበር። እህቴ ያንን መስቀል የእጇ አንጓ ላይ አሠርታ ልጇን በዚያ እጇ ማቀፍ ፈለገች። ምን ብዬ እቆጣታለሁ?

አልተቆጣሁም። «ይሁን» ማለትም ግን አልቻልኩም። አነበብኩ፣ ጠየቅኩ፣ ክትትል የምታደርግበት ጤና ጣቢያ አብሬያት ሄጄ አዋላጇን አናገርን። ስንመለስ አንድ ነገር ገብቶን ነበር። ምርጫው «ታቱ ወይስ ምንም» አይደለም። በመሐል ብዙ መንገድ አለ። አንዳንዱ እናቶቻችን ሲያደርጉት የኖሩት፣ ምንም የማይጎዳ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ቀላል ይመስልና ከታቱም የማይሻል ነው።

መልሱን ለቸኮለች እናት ላስቀድም። ቆዳ የሚወጋ ነገር ሁሉ፣ በማሽንም ይሁን በእጅ፣ ወልደሽ ጡት እስክታስጥዪ ድረስ ይቆይ። ጥቁር ሂና በእርግዝናም ሆነ ያለ እርግዝና ይቅር። እንሶስላና ንጹሕ ሂና ይቻላል። ለምን እንደሆነ ደግሞ ከታች አለ።

በምን እንመዝን?

ስለ ዋጋና ስለ ውበት ከማውራታችን በፊት አራት ጥያቄ እንያዝ።

የመጀመሪያው፣ ደም ይነካል ወይ? የሁሉም ራስ ይህ ነው። የታቱ መርፌ ከላይኛው ቆዳ አልፎ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል። ደም የነካ መርፌ ደግሞ ጉበት ቢን (ሄፓታይተስ ቢ)፣ ጉበት ሲን (ሄፓታይተስ ሲ)፣ ኤች አይ ቪን ሊያሻግር ይችላል። እኛ አገር «የወፍ በሽታ» የሚባለው አንዳንዴ ከእነዚህ የጉበት ቫይረሶች ይመጣል።

ጉበት ቢ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም እርጉዝ ሴትን ከሌላው ሰው የሚለያት ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ቫይረሱ ከሰውነት ውጭ፣ በደረቀ ደም ላይ እንኳ ቢያንስ 7 ቀን ሳይሞት ይቆያል። ትልቅ ሰው ሲይዘው አብዛኛውን ጊዜ ሰውነቱ ታግሎ ያስወግደዋል። በወሊድ ጊዜ ከእናቱ የያዘው ሕፃን ግን አቅም የለውም። እንዲህ ከተያዙ 10 ሕፃናት 9ኙ ገደማ ዕድሜ ልካቸውን ይዘውት ይኖራሉ። ካደጉ በኋላ ጉበታቸው የሚጠጥርባቸው፣ ካንሰር የሚሆንባቸውም አሉ። አንቺ ላይ አልፎ የሚሄደው ልጅሽ ላይ ይቀራል ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ምን ይገባል? ታቱ ቆዳ ላይ የሚቀባ ነገር አይደለም፤ ቀለም ሰውነት ውስጥ ማስቀመጥ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቆዳ ውስጥ እንዲወጋ ያጸደቀው የታቱ ቀለም አንድም የለም። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ በታቱ ቀለም ውስጥ ሊገኙ የሚችሉ ከ4000 በላይ ኬሚካሎችን ገድቧል። ከእነዚህ መሐል እንደ ኒኬልና እርሳስ ያሉ ብረቶች አሉ። የልጁ አካላት በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት ነው የሚሠሩት። ለፋሽንም ለትዝታም ብሎ በዚያ ጊዜ ባዕድ ነገር ወደ ሰውነት ማስገባት ምን ያስቸኩላል?

ሦስተኛው፣ ቢበላሽ ይመለሳል ወይ? ቁስሉ ቢያመረቅዝ፣ ቆዳሽ ቢቆጣ፣ ቀለሙን አጥቦ መገላገል ይቻላል? እርጉዝ ስትሆኚ እንዳሻሽ የማትወስጂው መድኃኒት ብዙ ነው። በሌላ ጊዜ በአንድ ኪኒን የሚያልፍ ነገር አሁን ብዙ ያመላልስሻል።

አራተኛውን ማንም አያስበውም። በምጥ ቀን ሥራ ያሰናክላል ወይ? አዋላጇ መዳፍሽን፣ ጥፍርሽን፣ የዓይንሽን ውስጠኛ ሽፋን እያየች ደም ማነስሽን ትገምታለች። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ደግሞ በጥፍርሽ በኩል ብርሃን አሳልፎ ነው የሚያነበው። ጥፍርሽን ቀለም ከሸፈነው መለኪያው ሊሳሳት ይችላል።

ዋጋ አምስተኛ ሆኖ ይምጣ።

የማሽን ታቱ

ደብረ ብርሃን ላይም አዲስ አበባም ይሠራል። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ብዙዎች ምርጫ ይበዛል ብለው ወደዚያ ይወርዳሉ።

አንድ ቤት ከእህቴ ጋር ገብተን አየን። ልጁ ጨዋ ነው፤ ሥዕሉም እጅ ያስቆረጥማል። መርፌው የታሸገ ነበር፤ ፊታችን ከፈተው። ደስ አለኝ። ቀለሙን ከትልቁ ጠርሙስ የሚቀዳበት ትንሽ ክዳን ውስጥ ግን የፊተኛው ሰው ትራፊ ነበር። እዚያው ላይ ጨመረበት። መርፌው አዲስ ሆኖ ቀለሙ የሌላ ሰው ደም የነካው ከሆነ፣ አዲስነቱ ምን ይፈይዳል? ያንን ትንሽ ክዳን ባላየው ኖሮ «ንጹሕ ቤት ነው» ብዬ እመሰክር ነበር።

ቤቱ ሁሉን ነገር በትክክል ቢያደርግ እንኳ ቀለሙ ራሱ ተበክሎ ሊመጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2011 እና 2012 አሜሪካ ውስጥ በተበከለ የታቱ ቀለም የተነሳ ብዙ ሰው ቆዳው በግትር ኢንፌክሽን ተይዟል። የታሸገ ጠርሙስ ማለት ከጀርም የጸዳ ማለት አይደለም።

ሌላም አለ። ከ5 ወር በኋላ በጀርባ ረዘም ላለ ጊዜ መተኛት ማህፀኑ ትልቁን የደም ሥር እንዲጫን ያደርጋል። ያዞራል፣ ያጥወለውላል። ሥዕሉ ሆድ፣ ጡት ወይም ዳሌ ላይ ከሆነ ደግሞ ቆዳው ሲለጠጥና ሲመለስ ቅርጹ ይበላሻል። ገንዘብሽ ውኃ በላው ማለት ነው።

ስለ ወገብ ታቱ ብዙ ወሬ አለ። ቀድሞ የዳነ የወገብ ታቱ ያላት ሴት በቀዶ ሕክምና ለመውለድ ወገብ ላይ የሚሰጠውን ማደንዘዣ አትከለከልም። ሐኪሙ ቀለም የሌለበትን ቦታ ፈልጎ ይወጋል። ገና ያልዳነ ወይም ያመረቀዘ ከሆነ ግን ችግር ነው። ለምጥ ቀን ቁስል ይዞ መቅረብ አያስፈልግም።

የቅንድብ ታቱ

ብዙ እህቶች ይሄንን ታቱ ብለው አይቆጥሩትም። «ሜካፕ ነው» ይሉሻል። አይደለም። ስለት ቆዳ ይቀድዳል፣ ቀለም ይገባል፣ ደም ይወጣል። ከላይ ያልነው ሁሉ እዚህም ይሠራል። የሚቀባው ማደንዘዣ ክሬምም ይጨመርበታል። በእርግዝና ፊት ላይ ማድያት እንደሚወጣ እናውቃለን፤ ቆዳው ራሱ ቀለሙን እየቀያየረ ባለበት ሰዓት ቅንድብ ማስነቀስ የት ይደርሳል? በቅንድብ መኳያ እርሳስ ተኳዪና ጠዋት ታጠቢው።

የእናቶቻችን ንቅሳት

ይሄን ስጽፍ የአያቴ አንገት ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። ሰማያዊ የሚመስል አረንጓዴ ነበር። በልጅነቴ ረድፉን በጣቴ እየተከተልኩ እቆጥረው ነበር። ስለዚህ ንቅሳትን የማቃልል እንዳይመስልብኝ። ውበት ነው፣ ማንነት ነው።

አሠራሩን ግን አያቴ ራሷ ነግራኛለች። ነቃሿ እናት ጥላሸት ትበጠብጣለች። ልጃገረዶቹ ይሰለፋሉ። መርፌው አንድ ነው። ከአንዷ አንገት ወደ ሌላዋ አንገት ይሄዳል፤ በመሐል በጨርቅ ይጠረጋል። በዚያን ዘመን ይሄ ክፉ ነገር አልነበረም፤ ማንም ስለ ቫይረስ የነገራቸው የለም። ዛሬ እናውቃለን። በጨርቅ መጥረግም፣ በእሳት ለብለብ ማድረግም፣ በአረቄ መንከርም የጉበትን ቫይረስ ለመግደል አይታመንም። የታመነው በእንፋሎት ግፊት በ121 ዲግሪ መቀቀል ነው፤ እሱ ደግሞ ነቃሿ ጋ የለም። ቁስሉ ላይ አፈርና ጥላሸት ሲገባ የመንጋጋ ቆልፍም ያሰጋል።

ድድ መነቀስ ደግሞ ለብቻው ይነሳ። በገጠር አሁንም «ድድ ያጠነክራል» የሚሉ አሉ። በእርግዝና ጊዜ ድድ በሆርሞን ምክንያት ያብጣል፤ ጥርስ ሲፋቅ እንኳ ይደማል። ያንን ድድ በመርፌ መውጋት የአፍን ጀርም ሁሉ ወደ ደም መጋበዝ ነው። ድድሽ እየደማ ካስቸገረሽ የጥርስ ሐኪም ጋ ሂጂ። እርጉዝ መሆንሽ ከጥርስ ሕክምና አያግድሽም።

ጥቁር ሂና

እባክሽ ይሄን በደንብ አንብቢው፤ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው። መርፌ የለውም፣ ርካሽ ነው፣ በግማሽ ሰዓት ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ግን የሂና ተክል ጥቁር አያወጣም። ጥቁር የሚያደርገው የፀጉር ቀለም ውስጥ ያለ ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል ነው። ለፀጉር ሲሆን ተመጥኖ፣ ቆዳ እንዳይነካ ተብሎ ነው የሚሠራው። ቆዳ ላይ በቀጥታ ሲቀባ ውኃ ሊያስቋጥር፣ ሊያቃጥል፣ በሥዕሉ ቅርጽ ጠባሳ ሊያስቀር ይችላል። ከሁሉ የሚብሰው አንዴ ሰውነትሽ ከተቆጣ ዕድሜ ልክሽን መቆጣቱ ነው። ከዚያ በኋላ የፀጉር ቀለም በተቀባሽ ቁጥር ፊትሽ ሊያብጥ ይችላል።

መለያው ቀላል ነው። ዱቄቱ ሲታይ አረንጓዴ ወይም ቡናማ፣ ሽታው የሣር ከሆነ ሂና ነው። ጥቁር ከሆነና የፀጉር ቀለም የሚሸት ከሆነ ተነሽና ሂጂ።

ንጹሕ ሂና

በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ በኩል ለሠርግና ለኢድ የሚደምቁበት ነው። በሰንበቴ የእሁድ ገበያም ወጣ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ዱቄቱ በውኃ ይበጠበጣል፣ ጫፉ በተቀደደ ላስቲክ ይሳላል፣ ሰዓታት ይቆያል። መጀመሪያ ብርቱካንማ ይሆናል፤ በማግስቱ ወደ ቡናማ ይጠቁራል። ከ1 እስከ 3 ሳምንት ይቆይና ይለቃል።

ቆዳ ስለማይወጋ በእርግዝና ችግር የለበትም። ሁለት ጥንቃቄ ብቻ። ቤተሰብ ውስጥ ባቄላ ሲበላ ወይም አንዳንድ የወባ መድኃኒት ሲወስድ ደሙ የሚፈርስበት፣ ዓይኑ ቢጫ የሚሆን ሰው ካለ ሂናው ይቅርብሽ። ጨቅላ ሕፃን ላይ ደግሞ በጭራሽ አይቀባ። ሁለተኛው፣ ጥፍር ላይ አይሁን።

እንሶስላ

የኔ ምርጫ ይሄ ነው። አድልቼም ይሆናል፤ ግን መመዘኛውን አልፏል።

ሥሩ ከጓሮ ይነቀላል ወይም ከገበያ ይገዛል። ጭቃው ይታጠባል፣ ይላጣል፣ ይወቀጣል። እህቴ ጋ የሠራነው ቅዳሜ ማታ ነው። አማቷ ሙቀጫውን ይዘው እሳት ዳር ተቀመጡ። የተወቀጠውን በመዳፏና በእግሯ ጣቶች ላይ ለጠፉላት፣ በጉሎ ቅጠል ጠቀለሉት፣ በጨርቅ አሰሩት። «እንዳትፈቺው፤ እስከ ንጋት» አሏት። ሌሊቱን እጇ ታስሮ ውኃ ያጠጣኋት እኔ ነኝ። ጠዋት ሲፈታ መዳፏ ቀይ ሆኗል። አማቷ እጇን ይዘው ወደ በሩ ብርሃን አወጡና አገላብጠው አዩት፤ «አንድ ሌሊት ቢደገም ይጠቁራል» አሉ።

ጉድለቱም ይነገር። ጥርት ያለ ሥዕል አይወጣበትም፤ ለመዳፍ፣ ለጥፍርና ለእግር ነው። መዳፍ ሲቀላ ደም ማነስን ይደብቃል። ስለዚህ ወሩ ሲገባ ይብቃ፤ የሁለት ጣት ጥፍርም ከመጀመሪያው ይተው። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፦ እንሶስላ ይቀባል እንጂ ለሆድ ሕመም ተብሎ በእርግዝና አይጠጣም።

የሚለጠፍ ታቱ

በእርጥብ ጨርቅ ተጭኖ የሚለጠፈው ነው። ለአንድ ቀን ፎቶ ይበቃል። በዘይት ይለቃል። ከዚህ በላይ የሚባልለት የለም።

በአንድ ላይ ሲታይ

| አማራጭ | ቆዳ ይወጋል? | ቢበላሽ ይመለሳል? | ስንት ይቆያል? | ወጪ | በእርግዝና |
|---|---|---|---|---|---|
| የማሽን ታቱ | አዎ | አይመለስም | ዕድሜ ልክ | ከፍተኛ | ይቆይ |
| የቅንድብ ታቱ | አዎ | ቶሎ አይመለስም | ዓመትና ከዚያ በላይ | ከፍተኛ | ይቆይ |
| ባህላዊ ንቅሳት | አዎ | አይመለስም | ዕድሜ ልክ | ዝቅተኛ | አይሆንም |
| ጥቁር ሂና | አይወጋም | ጠባሳው ሊቀር ይችላል | ሳምንታት | ዝቅተኛ | አይሆንም |
| ንጹሕ ሂና | አይወጋም | ራሱ ይለቃል | 1–3 ሳምንት | ዝቅተኛ | ይቻላል፣ ጥፍር ላይ አይሁን |
| እንሶስላ | አይወጋም | ራሱ ይለቃል | ሳምንታት | ከሁሉ ያነሰ | ይቻላል፣ ወሩ ሲገባ ይብቃ |
| የሚለጠፍ | አይወጋም | ወዲያው ይለቃል | ቀናት | ዝቅተኛ | ይቻላል |

ላንቺ የቱ ይሆናል?

ሠርግ ወይም የእርግዝና ፎቶ ካለብሽና ሥዕል ከፈለግሽ፣ ንጹሕ ሂና። ዱቄቱን ራስሽ ገዝተሽ ሂጂ፤ ከሌላ ሰው ብጥብጥ አትቀቢ። አስቀድመሽ ክንድሽ ላይ ጠብታ ቀብተሽ አንድ ቀን ጠብቂ።

እጅሽ ላይ ብር ከሌለና ገጠር ከሆንሽ እንሶስላ ይበቃሻል። ከጎረቤት ተጠይቆም ይገኛል። አማትሽ ወይም እናትሽ ሲቀቡሽ የሚወራው ወሬ ራሱ ዋጋ አለው።

የሞተ ሰው መታሰቢያ ከሆነ የምትፈልጊው፣ እንደ እህቴ፣ ሥዕሉን አሁን አሠሪ፣ መርፌውን ግን አቆዪው። ፎቶውን ሰብስቢ፣ በወረቀት አስነድፊ፣ በሂና እየሞከርሽ ቦታውን ምረጪ። ቅርጹ ሦስት ጊዜ ተቀይሮብን ነበር። መርፌ ቢሆን አንዴ ነበር።

ብር ቢኖርሽና «የታወቀ ቤት እሄዳለሁ» ብትይ እንኳ መልሱ አይቀየርም። ውድ ቤት አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም። ያንን ብር ለአራስ ቤት አስቀምጪው።

ሳላውቅ ተነቅሼ ቢሆንስ?

ብዙዎች እርጉዝ መሆናቸውን ሳያውቁ ያደርጉታል። አትደንግጪ። አብዛኛው ታቱ ያለ ችግር ይድናል። ግን አትደብቂ። አዋላጇን «በዚህ ቀን ተነቅሻለሁ» በያት፤ የሚቆጣሽ የለም።

የተነቀስሽው ሌላ ሰው ላይ በዋለ መርፌ ከሆነና ገና 3 ቀን ካልሞላው ዛሬውኑ ጤና ተቋም ሂጂ። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። ለጉበት ቢም በእርግዝና ሊሰጥ የሚችል ክትባት አለ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትሽንም አሳዪ።

ጊዜው ካለፈም ምርመራ አለ። አንድ ጊዜ ተመርምረሽ «ነጻ ነሽ» ስትባዪ አትዘናጊ። ጉበት ቢ በደም ውስጥ እስኪታይ ወራት ሊወስድ ይችላል። የኤች አይ ቪ ምርመራም ከ3 ወር በኋላ ይደገማል። ቢገኝብሽ እንኳ መንገድ አለ። ኤች አይ ቪ ያለባት እናት ምንም ሕክምና ካላገኘች ወደ ልጇ የመተላለፉ ዕድል ከ15 እስከ 45 በመቶ ነው፤ መድኃኒት ስትወስድ ከ5 በመቶ በታች ይወርዳል። ጉበት ቢ ከሆነ ልጁ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ መከተብ አለበት። ይሄ እንዲሆን ግን ከምጡ በፊት መታወቅ አለበት።

ቁስሉ ዙሪያ መቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ መግል ከያዘ፣ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ካለሽ ቅጠል አትቀቢበት። በዚያው ቀን ታዪ።

መቼ ይሁን ታዲያ?

የወሊድ ቁስልሽ ይዳን፣ ልጁ ክርስትና ይነሳ፣ ከዚያም ጡት እስኪተው ጠብቂ ነው የኔ ምክር። ቀለሙ ወደ ወተት ስለሚገባ አይደለም። በመርፌው የሚመጣ እንደ ኤች አይ ቪ ያለ በሽታ በጡት ወተት ወደ ልጁ ሊያልፍ ስለሚችል ነው፤ ቁስሉ ቢያመረቅዝ የሚሰጠው መድኃኒትም ለአጥቢ እናት ሁሉም አይሆንም።

ያን ቀን ስትሄጂ መርፌው ፊትሽ ይከፈት። ቀለሙ በአዲስ ትንሽ ክዳን ይቀዳ፤ ከቧንቧ ውኃ ጋር አይበጥበጥ። ጓንቱ ስልክ ከነካ ይቀየር። አልጋው አዲስ ላስቲክ ይልበስ። ጠይቂ፤ ጥያቄ የሚያናድደው ቤት ከሆነ ውጪ።

እህቴ በኅዳር በሰላም ተገላገለች፤ ወንድ ነው። የአያታችን መስቀል በወረቀት ተነድፎ የክትትል ካርዷ ውስጥ ተጣጥፏል። ባለፈው ሳምንት ስደውልላት እያጠባች ነበር። «እትዬ፣ ገና 4 ወሩ ነው» አለችኝ፤ «ወረቀቱ አለ።»